ጎርፍ «ፎር ዊል» አይፈራም

ነሐሴ ሲገባ የአዲስ አበባ ኳስ አፍቃሪ ላይ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይወርድበታል፤ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግና የክረምቱ ዶፍ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ጨዋታው ገና ሳያልቅ የዲኤስቲቪ ቤቱ ቆርቆሮ መንጎድ ይጀምራል። ፊሽካ ሲነፋ የማንቸስተሩም የአርሰናሉም ደጋፊ በር ላይ ተኮልኩሎ አስፋልቱን ያያል። አስፋልቱ ግን የለም። በቦታው ቡና የመሰለ ውኃ የፕላስቲክ ጠርሙስና ቅጠል እየነዳ ቁልቁል ይወርዳል። ይሄኔ ክርክሩ ከዳኛው ወደ መኪና ይዞራል። ቪትዝ የያዘው «ትንሽ ይቅለል» ብሎ ተመልሶ ይቀመጣል። ባለ ላንድክሩዘሩ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ «ምን ችግር አለው? ፎር ዊል እኮ ነው!» ይላል። ሦስት አራት ጓደኞቹን ጭኖም ይወጣል።

ጣጣው ያለው እዚችው አባባል ውስጥ ነው። ፎር ዊል ድራይቭ የሞተሩን ጉልበት ለአራቱም ጎማ የሚያከፋፍል መኪና ነው፤ በቃ። ጭቃ ላይ፣ አሸዋ ላይ፣ ኮረኮንች ዳገት ላይ ዋጋው ወርቅ ነው፤ አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ሌላው ይረግጣልና። ለመርገጥ ግን መሬት ያስፈልጋል። ሞተሩም ለመሥራት አየር ይፈልጋል። ጎርፍ ሁለቱንም ይነጥቃል።

የፍራንክፈርቱ ኩሬ

የኳስ ተመልካች ውኃ ጉልበተኛን እንዴት እንደሚያዋርድ በሜዳ አይቶታል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 1974 በዓለም ዋንጫው ምዕራብ ጀርመንና ፖላንድ ፍራንክፈርት ላይ ሲገናኙ ከጨዋታው በፊት የወረደው ዝናብ ሜዳውን ኩሬ አድርጎት ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ፓምፕ ይዘው ገቡ፤ ሌሎች ሮለር እየገፉ ውኃውን ጠረጉ፤ ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ያህል ዘገየ። ፖላንድ በዚያ ውድድር እንደ ጥይት የሚፈተለኩ የክንፍ ተጫዋቾች ነበሯት፤ ላቶና ጋዶቻ። ላቶ በ7 ጎል የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ነው የጨረሰው። የዚያን ዕለት ግን ኳሷ ትንሽ ሳትሄድ ውኃው ላይ ቁጭ ትል ነበር። ሩጫ ዋጋ አጣ። በረኛው ቶማሼቭስኪ የሆነስን ፍጹም ቅጣት ምት ቢያድንም በ76ኛው ደቂቃ ጌርድ ሙለር አገባና 1 ለ 0 አለቀ። አቻም ይበቃት የነበረችው ጀርመን ለፍጻሜ አለፈች። ጀርመኖች ጨዋታውን እስከዛሬ «የፍራንክፈርቱ የውኃ ጦርነት» ይሉታል።

እንዲህ ባለ ቀን ዳኛ ምን ያደርጋል? ኳስ ይዞ ሜዳውን ይዞራል፤ ይጥላታል፣ ያንከባልላታል፤ ካልሄደች ጨዋታ አይጀምርም። ሃያ ሁለት ሰው ለሚሮጥበት ሣር ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚጠብቅ ተመልካች ቤተሰቡን ጭኖ የማያውቀው ኩሬ ውስጥ ሲገባ ግን አንዴ እንኳ ወርዶ አያይም።

ከሰማንያ በላይ ገብተው ሰባት የወጡበት

በመኪና ስፖርት የጭቃና የጎርፍ ትልቁ ትምህርት ቤት ያለው ሩቅ አይደለም። ጎረቤት ኬንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካው ሳፋሪ ራሊ ለብዙ ዓመታት የሚካሄደው በፋሲካ ሰሞን፣ ማለትም ትልቁ ዝናብ በሚጀምርበት ወቅት ነበር። በ1963 ከሰማንያ በላይ መኪኖች ተነሥተው መጨረሻው ላይ የደረሱት 7 ብቻ ናቸው። በ1968ም ዝናቡ ተደገመ፤ ከሰማንያ በላይ ተነሥተው የደረሱት አሁንም 7! እነዚያ የ1968ቱ ሰባት «የማይሰምጡት ሰባቱ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል።

ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፈው ኬንያ የኖረው በትውልዱ ፖላንዳዊው ኒክ ኖቪትስኪ ከረዳቱ ፓዲ ክሊፍ ጋር ነው። (ከስድስት ዓመት በኋላ ፍራንክፈርት ላይ ለወገኖቹ ምክር ቢሰጥ ምናለ ያሰኛል።) መኪናው ደግሞ ዕድሜያቸው የገፋ ሹፌሮች በደንብ የሚያስታውሷት ፔጆ 404 ነበረች። ፎር ዊል አይደለችም። ጉልበቷ ወደ ኋላ ሁለት ጎማዎቿ ብቻ የሚሄድ ተራ የቤት መኪና ናት።

«ያኔ ፎር ዊል የውድድር መኪና ስላልነበረ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ታዲያ ከዚያ በኋላ የሆነውን እንይ። የጀርመኑ አውዲ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኳትሮ የተባለችውን ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና ይዞ መጥቶ የዓለም ራሊን ገለባበጠው፤ በ1982 እና በ1984 የአምራቾች ሻምፒዮን ሆነ። ሳፋሪ ላይ ግን ኳትሮ እየመጣች ባዶ እጇን ተመለሰች። በ1984፣ በ1985 እና በ1986 ተከታትሎ ያሸነፈው በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄደው ቶዮታ ሴሊካ ነው። አውዲ የተሳካለት በ1987 ሲሆን ያውም ያሸነፈው በዝነኛዋ አጭር ኳትሮ አልነበረም፤ ሐኑ ሚኮላ በነዳው ትልቁ አውዲ 200 ነው። ሳፋሪ የሚጠይቀው መኪናው ሳይሰበር መድረሱን ነው። እዚያ የሚወዳደሩ ሹፌሮች በደረቁ 200 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲበሩ ቆይተው ወንዝ ሲያገኙ ፍሬን የሚይዙት ፈሪ ስለሆኑ አይደለም።

የሳፋሪ መኪኖች ላይ ሌላም ነገር ይታያል፤ ከፓራብሬዛው ጎን ተነሥቶ እስከ ጣራ የሚወጣ ቱቦ። ስኖርክል ይሉታል። ውድድሩ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ በ2021 ሲመለስ ይህ ቱቦም ከዘመናዊዎቹ መኪኖች ጋር ብዙ ሳይቆይ ተመልሷል። ምክንያቱን ለማወቅ መኪና በምን እንደሚተነፍስ ማየት ያስፈልጋል።

ሞተር ውኃ ሲጠጣ

ሞተር አየር የሚስበው በፊልትሮው በኩል ነው። የፊልትሮው አፍ በብዙ መኪኖች ላይ ኮፈኑ ሥር፣ ከፊት መብራቱ አካባቢ ይገኛል። ውኃ እዚያ ሲደርስ ሞተሩ ከአየር ጋር ውኃ ይስባል። አየር ሲጨመቅ ይጠባል፤ ውኃ ግን አይጨመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ድንጋይ እንደመታ ይቆማል፤ ከሥሩ የሚገፋው ክራንክ ግን አልቆመም። መሐል ላይ ያለው ቢየላ ይጣመማል ወይም ይሰበራል፤ አንዳንዴም የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ይወጣል። ሁሉም የሚያልቀው ሹፌሩ «ምን ነካው?» እስኪል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ከቤንዚኑ የበለጠ ስለሚጨምቅ።

ስለዚህ ውኃ ውስጥ ሞተሩ ጠፍቶ የቆመን መኪና ደግሞ ደጋግሞ ለማስነሣት መሞከር፣ በተለምዶ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ያ ነገር፣ የመጨረሻው ስህተት ነው። ምናልባት ሞተሩ የቆመው ኤሌክትሪኩ ርሶ ሊሆን ይችል ነበር፤ ቢየላውን የሚሰብረው ያ ሁለተኛው የቁልፍ ዙር ይሆናል። አስገፍቶ አውጥቶ ለመካኒክ ማሳየት ይረክሳል።

አምራቾች እያንዳንዱ መኪና ስንት ሳንቲ ሜትር ውኃ ውስጥ መግባት እንደሚችል ይጽፋሉ። ቁጥሮቹን ያየ ሰው ይደነግጣል። በየበረሃው ስሙ የገነነው የድሮው ላንድሮቨር ዲፌንደር የተፈቀደለት 50 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከጉልበት ብዙ አያልፍም። ትንሿ ሱዙኪ ጂምኒ 30 ገደማ። አዲሱ ላንድክሩዘር 70። ከ2020 ወዲህ የመጣው አዲሱ ዲፌንደር 90 ይደርሳል። ይህ ሁሉ ደግሞ ለቆመ ውኃ፣ ለዝግታ ጉዞና ሥሩ ለሚታወቅ መሬት ነው።

ጉደኞቹ

በዚህ ጉዳይ የተጨነቁ መሐንዲሶች በየዘመኑ ጉድ የሚያሰኙ መኪኖች ሠርተዋል። የጀርመኑ ኡኒሞግ ዋናው ነው። አክሰሉ ከጎማው መሐል ጋር አይገጥምም፤ በጥርስ ተያይዞ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ስለዚህ ሆዱ ከመሬት ይርቃል፤ በልዩ ዝግጅት እስከ 1 ሜትር ከ20 ውኃ ውስጥ ይገባል። በዚሁ ዘዴ ኦስትሪያኖች ሐፍሊንገር የምትባል ግማሽ ቶን ትንሽ ያለፈች ደቃቃ መኪና፣ ቀጥሎም ታላቅ ወንድሟን ፒንጽጋወርን ሠሩ። አንደኛው ስም ከፈረስ፣ ሌላኛው ከከብት ዝርያ የተወሰደ ነው። ለተራራ መኪና ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።

ፈረንሳዮቹ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዱ። ሲትሮኤን ለሰሃራ በረሃ የሠራት 2ሲቪ ሁለት ሞተር አላት፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። እያንዳንዳቸው 425 ሲሲ፣ ለየብቻቸው የሚነሡ፤ አንዱ ቢሞት በሌላው ቤት መግባት ይቻላል። የተሠሩት 694 ብቻ ስለሆኑ ዛሬ ሰብሳቢዎች እንደ ዕንቁ ይፈልጓቸዋል። ጣሊያኖቹ፣ ላምቦርጊኒ ነውና፣ ከ1986 ጀምሮ ኤልኤም002 በተባለ ጂፕ ላይ የስፖርት መኪናቸውን ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ጫኑበት። ሦስት መቶ ገደማ ሠርተው ተዉት። ስለ ነዳጅ ፍጆታው አለማውራት ይሻላል።

በከተማ ለሚኖር ሰው ቅርብ የሆነችው ግን ሶቪየቶች በ1977 ያወጧት ላዳ ኒቫ ናት። ከዚያ በፊት ጂፕ ማለት የጭነት መኪና ዓይነት ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ቆርቆሮ ነበር። ኒቫ እንደ ቤት መኪና ያለ ሻንሲ ተሠርታ አራቱም ጎማዋ ሁልጊዜ የሚሠራ ሆና መጣች። በፓሪስ ዳካር ውድድር በ1982 እና በ1983 ሁለተኛ ወጥታለች፤ በ1983 የቀደማት ጃኪ ኢክስ የነዳው መርሰዲስ ነው። ዋጋዋን ላየ ሰው ያ ሁለተኛነት ከዋንጫ አያንስም።

መኪናው ሲንሳፈፍ

እስካሁን የተነገረው የሞተርና የብር ጉዳይ ነው። ነፍስ የሚያጠፋው ሌላኛው ነው፤ መኪናው መሬት ሲለቅ።

4 ሜትር በ1 ሜትር ከ70 የሆነች ትንሽ መኪና ውኃው ሆዷ ላይ ከደረሰ በኋላ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ከ600 ኪሎ በላይ ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል ያገኛታል፤ ውኃ ወደ ውስጥ እስኪሰርግ ድረስ። መኪናዋ ራሷ ደግሞ አንድ ቶን ገደማ ብትመዝን ነው። ሒሳቡን ማንም ይሠራዋል። አውስትራሊያ ውስጥ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ የውኃ ላቦራቶሪ ይህን በእውነተኛ መኪኖች ሞክሮታል። የመጀመሪያዋ ቶዮታ ያሪስ ነበረች፤ እዚህ ሀገር ቪትዝ የምትባለው ማለት ነው። በእግር ጉዞ ፍጥነት በሚሄድ 15 ሳንቲ ሜትር ውኃ መንሸራተት ጀመረች፤ በ60 ሳንቲ ሜትር ጨርሳ ተንሳፈፈች። ሁለተኛው 2 ቶን ተኩል የሚመዝን ኒሳን ፓትሮል ነበር፤ ፎር ዊል! እሱ ደግሞ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ መሬት መርገጡን ማጣት ጀመረ፤ 95 ላይ ተንሳፈፈ፤ ያኔ አንድ ሰው በእጁ ሊገፋው ይችል ነበር። አራት የሚሽከረከር ጎማ ቢኖረውም መሬት እስካልነካ ድረስ ማን ያዘዋል?

አሜሪካ ውስጥ በጎርፍ ሰጥመው ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መኪናቸውን ወደ ጎርፍ ነድተው የገቡ ናቸው። የሀገሪቱ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ደጋግሞ የሚናገረው ቁጥርም ተመሳሳይ ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትር ፈጣን ጎርፍ አዋቂ ሰው ይጥላል፣ 30 ትናንሽ መኪኖችን፣ 60 ደግሞ ፒክአፕና ትልልቅ ጂፖችን ይወስዳል።

ድሬዳዋ ይህን በሰው ሕይወት ከፍላ ታውቃለች። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ ከደጋው የወረደውን ዝናብ ይዞ በተኛው ሕዝብ ላይ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ደረቅ የሚመስለው ወንዝ የሚያሳስተው እንዲህ ነው፤ ዝናቡ ሌላ ቦታ ዘንቦ ውኃው በኋላ ይደርሳል። አዲስ አበባም ብትሆን ተዳፋት ናት። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦ የዘነበው ሁሉ በቀበናና በሌሎቹ ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ ነው የሚሮጠው። ቦሌ ላይ ካፊያ ብቻ እያለ ድልድዩ ሥር ያለው ውኃ ሊሞላ ይችላል።

ግድ ሆኖ ለገባ

ከሁሉ የሚሻለው መጠበቅ ነው። የከተማ ጎርፍ ከመጣ በኋላ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይጎድላል፤ አንድ ማኪያቶ ወይም የሁለተኛውን ጨዋታ የመጀመሪያ አጋማሽ ያህል። ሥሩ የማይታይና የሚሮጥ ውኃ ከሆነ ግን ጥያቄም የለውም፤ መዞር ነው። በተለይ ክዳኑ የሌለ ማንሆል ባለበት ከተማ ውስጥ ቡናማ ውኃ ማለት የተሸፈነ ጉድጓድ ማለት ነው። ውኃው መሐል ላይ እየተሽከረከረ ወደ ታች የሚጠባ ቦታ ከታየ እዚያ አፉን የከፈተ ነገር አለ።

ውኃው የቆመና ከጎማው ግማሽ በታች መሆኑ ከታወቀ፣ ለምሳሌ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ከታየ ወይም ሌላ መኪና ሲያልፍ ልኩ ከተለየ፣ በዝግታ ማለፍ ይቻላል። አስፋልት መሐሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ብሎ ስለሚሠራ መሐል መሐሉን። ማርሽ አንድ፣ ሞተሩን ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፤ መሐል ላይ ሳይቆሙ፣ ማርሽ ሳይቀይሩ። በዝግታ የሚሄድ መኪና ከፊቱ ትንሽ ማዕበል ይገፋል፤ ከማዕበሉ ጀርባ ኮፈኑ ሥር ያለው ውኃ ዝቅ ይላል። በፍጥነት የገባ ግን ውኃውን ራሱ ወደ ፊልትሮው ይረጨዋል። ከፊት የገባው ሳይወጣ ተከትሎ መግባትም አይገባም። እሱ ከቆመ ተከታዩም ቆመ። የሚኒባስ ሹፌሮች ጥሩንባ እየነፉ ከኋላ ቢያጣድፉም ቢየላውን ገዝተው አይተኩም።

ከወጡ በኋላ ፍሬኑን ቀስ እያሉ ደጋግሞ መርገጥ፤ የረጠበ ፍሬን የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ አይዝም። ባለ ፎር ዊሎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለባቸው። የሞቀ ዲፈረንሻል ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው በመተንፈሻው በኩል ውኃ ይስባል። በሳምንቱ መካኒክ ዘንድ ከፍቶ ዘይቱን ማየት ነው፤ ወተት መስሎ ከተገኘ መቀየር አለበት። ስኖርክል ያስገጠመም ከዚህ አያመልጥም። ስኖርክል የሚያድነው ሞተሩን ብቻ ነው፤ መኪናው እንዳይንሳፈፍ አያደርግም።

መኪናው መንሸራተት ከጀመረ ነገሩ የመኪና መሆኑ አብቅቷል። ቀበቶ መፍታት፣ መስኮቱን ኤሌክትሪኩ ሳይሞት ማውረድ፣ ልጆችን አስቀድሞ በመስኮት መውጣት። በር ለመክፈት መታገል ጊዜ ይበላል፤ ከውጭ ያለው ውኃ ይገፋዋልና።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ደግሞ አዲስ ወሬ አለ፤ «ኤሌክትሪክ መኪና ፊልትሮ ስለሌለው ጎርፍ አይነካውም» የሚል። ግማሹ እውነት ነው፤ የሚጠጣበት አፍ የለውም። መንሳፈፉ ግን ያው ነው፤ ፍሬኑም ያው ፍሬን ነው። የ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ስፖንሰር የነበረው ቢዋይዲ ያንግዋንግ ዩ8 የሚባል 3 ቶን ተኩል የሚመዝን ጂፕ አውጥቷል፤ ለእያንዳንዱ ጎማ አንድ ሞተር አለው። ውኃ ሲያነሣው የነዳጅ ሞተሩን ያጠፋል፣ መስኮቶቹን ይዘጋል፣ የጣራውን መስታወት ይከፍታል፣ ጎማዎቹን እንደ መቅዘፊያ እያሽከረከረ እስከ 30 ደቂቃ ይንሳፈፋል። ለክፉ ቀን ማምለጫ እንጂ ለሽርሽር አይደለም፤ ከተንሳፈፈ በኋላ ጋራዥ መግባት እንዳለበት ኩባንያው ራሱ ይናገራል።

በፎር ዊል ውኃ ላይ መሄድን እስከ ጥግ የሞከረ ሰው ቢኖር አውስትራሊያዊው ቤን ካርሊን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፎርድ ለአሜሪካ ጦር የሠራትን፣ ሆዷ እንደ ጀልባ የሆነ ጂፒኤ የተባለች ጂፕ ገዛ። ጣራ ሠራላት፣ ትልቅ የነዳጅ ጋን ጨመረላት፤ ከብዙ የከሸፈ ሙከራ በኋላ በ1950 ክረምት ከባለቤቱ ኤሊኖር ጋር ከካናዳዋ ሐሊፋክስ ወደ አትላንቲክ ገባ። ከ32 ቀን በኋላ አዞረስ ደሴቶች ደረሱ። ከዚያ አፍሪካ፣ ከዚያ አውሮፓ፤ ለዓመታት እየቆመ እየቀጠለ፤ ኤሊኖርም መንገድ ላይ ተለይታው ሄደች። ካርሊን በ1958 ሞንትሪያል ሲደርስ ዓለምን ዞሮ ነበር፤ 17 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል በባሕር፣ 62 ሺህ ያህል በየብስ። ለጂፗ ያወጣላት ስም «ግማሽ ደህና» ነው፤ ከአንድ የዲኦዶራንት ማስታወቂያ የወሰደው። ዛሬ ፐርዝ ከተማ ድሮ በተማረበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ በደረቅ ቦታ ላይ ቆማለች።